በትንሽ ወጪ ፎር ዊል መኪናን ከፍ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዣችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ስለሆነ፣ ከሶማሌ ተራ ዕቃ ገዝቶ የሚመለስ ሰው በእግረ መንገዱ ጎራ ይላል። ሞላ (መኪናውን የሚሸከመውን ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ «ይህን ብትገጥሙልኝ መኪናዬ ስንት ከፍ ይላል?» ብሎ የሚጠይቀን ብዙ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፣ አዲስ መግዛቱን ትቶ በእጁ ያለውን ላንድ ክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ቪታራ ማሰንበት የመረጠ ሰው በዝቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የዕቃ ዋጋ አብሮ ወጣ። ከዚህ በታች የመለስናቸው ጥያቄዎች ከውጭ የታሸገ ሙሉ ዕቃ ለማስመጣት አቅም የሌለው፣ ግን መኪናውንም ቤተሰቡንም ለአደጋ መስጠት የማይፈልግ ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው።

ለመሆኑ መኪናዬን ከፍ ማድረግ ያስፈልገኛል?

ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ የምትመላለሱ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። እንጦጦ ለመውጣትም አያስፈልግም፤ አስፋልት ነው። ከፍታ የሚጠቅመው ከአስፋልት ለሚወጣ ሰው ነው፦ ሱባ ጫካ ውስጥ ለሚገባ፣ ክረምት ላይ መንዝ ቤተሰብ ለሚጠይቅ፣ የእርሻ ጭቃ ለሚረግጥ፣ እንግዳ ይዞ ደናክል ለሚወርድ። የመኪናው መልክ ስላማራችሁ ብቻ ከፍ ማድረግ ብትፈልጉ ነውር የለውም፤ ግን እሱን ከመጀመሪያው ንገሩን፤ ሥራው ይለያያል።

ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ሌላ ነገር ነው። «ዝቅ አለብኝ» ተብሎ የሚመጣው መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ዝቅ ያለ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሰው፣ ጤፍ፣ ሲሚንቶና የውሃ ጄሪካን ተሸክሞ ሞላውና ባሌስትራው (እንደ ቅጠል የተደራረበው ጠፍጣፋ የብረት ስፕሪንግ) ተኝቶ ነው። ይህ መኪና የሚያስፈልገው የጠፋበትን ከፍታ መመለስ ነው። ጥሩው ነገር ደግሞ ከሥራው ሁሉ ርካሹና አደጋ የሌለበት እሱ ነው፤ ሌላ ምንም ክፍል መቀየር አያስፈልግም።

መተኛቱን በምን አውቃለሁ?

በሜትር። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ምድር ቤት ፓርኪንግ ወይም ነዳጅ ማደያ አቁሙት። ከጎማው መሃል ማለትም ከቸርኬው እምብርት ተነስታችሁ ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ንፋስና ማለቅ ልኩን ያበላሸዋል። አራቱንም ጻፉ። ግራና ቀኙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ፣ ወይም የኋላው ጭነት ሳይኖር ከፊቱ ዝቅ ካለ፣ ተኝቷል። ተመሳሳይ ሞዴል የያዘ፣ ብዙ ያልተጫነበት መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ የእሱንም ለክታችሁ አስተያዩ።

ባሌስትራ ከሆነ በዓይንም ይታያል። ደጋን መሆን ያለበት ቅጠል ቀጥ ካለ ወይም ወደ ታች ከጎበጠ፣ አልቋል። የተሰበረ ቅጠል ካለም አሁኑኑ ነው መቀየር ያለበት።

ታዲያ ርካሹ መንገድ የቱ ነው?

መልሱ እንደ መኪናው እግር ይለያያል። መጀመሪያ መኪናው ሥር ገብታችሁ ምን እንደያዘ እዩ።

ባሌስትራ ላይ (የአብዛኛው ሃይሉክስ ኋላ፣ የሃርድ ቶፕ ኋላ፣ የቆዩት ሃይሉክሶች ፊትም ጭምር) ጥሩው ርካሽ መንገድ አንድ ቅጠል መጨመር ነው። ረዘም ያለ፣ ደጋንነቱ ያልጠፋ ቅጠል ከዋናው ሥር ይገባል። የቅጠሉ ስፋት መመሳሰል አለበት፦ የሃይሉክስ 60 ሚሊ ሜትር፣ የከባዱ ላንድ ክሩዘር 70 ሚሊ ሜትር ነው። ከጭነት መኪና የተረፈ ወፍራም ቅጠል ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ። መኪናው ከፍ ይላል፤ ግን ባዶውን ሲሄድ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ የተቀመጠው ሰው ወገቡን ይታመማል፣ ጎማውም ኮሮኮንች ላይ መሬት መያዙን ትቶ ይዘላል። ቀጭን ቅጠል ብትመርጡ ይሻላችኋል።

ሁለተኛው መንገድ ባሌስትራውን ከሻሲ የሚያንጠለጥለውን ማያያዣ ማስረዘም ነው። እዚህ ላይ ሰው ሂሳቡን ይስታል፦ ማያያዣው በ5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሳው ግማሹን፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አብዝታችሁ ካስረዘማችሁት ባሌስትራው ወደ ጎን ይወዛወዛል። ሦስተኛው በአክሰሉና በባሌስትራው መሃል ብረት መደብ ማስገባት ነው። ይህን የምንሠራው ለኋላ ብቻ ነው። ለፊት እግር በፍጹም አንሠራም፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ኃይል መደቡን ገልብጦ ሊያወጣው ይችላል። ሁለት መደብ መደራረብም እንደዚሁ አይሆንም። በሦስቱም ሥራዎች አክሰሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልት አዲስ አድርጉት። አንዴ በደንብ የተጠበቀ ዩ ቦልት ተለጥጧል፤ ተፈትቶ ቢገባ እንደገና ልኩን አይዝም።

ሞላና ድፍን አክሰል፣ ማለትም ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት፣ ያለው መኪና (ኒሳን ፓትሮል፣ ጂምኒ፣ የፕራዶ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠራ ሃርድ ቶፕ ፊት) ላይ ያለ ሙሉ ዕቃ የሚሠራ አንድ ብልሃት አለ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ስለሚከብድ፣ ፋብሪካው ለናፍጣው የሚሰጠው የፊት ሞላ ጠንከር ያለ ነው። የዚያኑ ሞዴል የናፍጣ ሞላ ለቤንዚኑ ብትገጥሙት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ልኩም ያው የፋብሪካ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በሞላው ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር፣ ማለትም ከፍታ የሚሞላ ቀለበት ነው። ስፔሰር የመኪናውን የመሸከም አቅም አይጨምርም፤ የተኛ ሞላ ላይ ቢደረግ የተኛ ሞላ ከፍ ብሎ ተቀመጠ ማለት ብቻ ነው።

በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠማዘዘ የሚነጥር ዘንግ ያለው የፊት እግር (የቆየ ፓጄሮ፣ የመጀመሪያው ዲማክስ፣ ላንድ ክሩዘር 100) በጣም ርካሽ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል፣ የብሎኑ ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ ሁለቱም ጎን እኩል ዙር ይጠበቃል። ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር በላይ አትሂዱ። ብረቱ አልጠነከረም፣ አልረዘመም፤ እግሩን ወደ ታች ገፋችሁት እንጂ። ስለዚህ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቀሪ ቦታ ያንሳል፤ ጉድጓድ ሲገባ «ጓ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ሞላው ንዝረቱን ከሚያበርደው ሾክ አብዞርበር (ሾክ) ጋር አንድ ላይ የሆነበት የፊት እግር (ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ሃይሉክስ፣ ፕራዶ) ላይ ከላይ የሚታሰር ስፔሰር ይሠራል። ሾኩ የታሰረው ከጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ የስፔሰሩ ውፍረት ጎማው ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ፈልጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ካስቀረጻችሁ፣ የፊት እግሩ መታጠፊያዎች፣ ቦል ጆይንቱና ሲቪ ጆይንቱ፣ ከልካቸው በላይ ይታጠፋሉ። 2.5 ይበቃል።

ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል?

ከ4 እስከ 5። እስከዚያ ድረስ የምትቀይሩት ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የፍሬን ቱቦ፣ ትራንስሚሽን (ኃይል ወደ አክሰሉ የሚወስደው ዘንግ)፣ የመሪ ዘንግ፣ የፊት እግሩን ከላይ የሚይዘው የላይ እጅ እያለ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ «በትንሽ ወጪ» የሚለው ነገርም እዚያ ላይ ያበቃል።

የመገልበጥ ነገርም አለ። የሁለቱ ጎማዎች መራራቅ ግማሽ ለመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍታ ሲካፈል፣ የሚገኘው ቁጥር ትልቅ በሆነ መጠን መኪናው መገልበጥ ያስቸግረዋል። ጎማዎቹ 150 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ፣ የክብደት ማዕከሉ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና 1.07 ነው። ማዕከሉ 4 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ 1.01 ይሆናል። ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲታሰር ደግሞ ከ1 በታች ሊወርድ ይችላል። ጣርማ በር ወይም የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ልዩነት መሪያችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከፍ ያደረጋችሁትን መኪና ጣሪያ ላይ በርሜል አትጫኑ።

ትልቅ ጎማ ብቻ ብቀይርስ?

ድፍን አክሰል ያለው መኪና ላይ ዲፈረንሻሉን (አክሰሉ ላይ ያለውን ክብ የማርሽ ቤት) ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ሞላና ባሌስትራ ከፍ የሚያደርጉት ሻሲውንና ቦዲውን ነው፤ ዲፈረንሻሉ የነበረበት ይቀራል። ይህን ያልተረዳ ሰው ሞላ ቀይሮ፣ ያው ድንጋይ ላይ ያው ዲፈረንሻል ሲገጭበት ይናደዳል።

235/75 ባለ 15 ጎማ ቁመቱ 73 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለ 31 ኢንቹ 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ወደ 5.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው ግን የዚያን ግማሽ ነው፣ 2.7። ኪሎ ሜትር ቆጣሪያችሁም 7 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል፦ 80 ሲል እናንተ 86 ላይ ናችሁ። ሞተሩም ማርሹ የከበደ ያህል ይሆንበታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር አስቀድሞም በቂ አየር አያገኝም፤ ትልቅ ጎማ አድርጎ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ይታወቃል። አንድ ደረጃ ማሳደግ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ እኛ አንመክርም።

ሁሉም ሰው የሚረሳው ነገር ምንድን ነው?

የኋላ ፍሬን ቫልቭ። ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

ብዙ ሃይሉክስና ላንድ ክሩዘር ላይ፣ ከኋላ አክሰል ወደ ሻሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። መጨረሻው ላይ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቫልቭ ይገኛል። ሥራው ጭነት መለካት ነው። መኪናው ሲጫን ሻሲው ወደ አክሰሉ ይጠጋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ሻሲው ይርቃል፣ ቫልቩ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ያለዚያ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው መኪናው ይዞራል። እናንተ ኋላውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስታደርጉ፣ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ይቆጥራል። ሰባት ሰው ጭናችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርዱ የኋላ ፍሬን እንቅልፉን ይተኛል። ሸክሙን ሁሉ የፊቱ ይወስድና ይግላል፤ ፔዳሉም ይላላል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ዘንጉ አክሰሉ ላይ የሚታሰርበትን ቁራጭ ብረት፣ መኪናው በተነሳበት ልክ ከፍ ማድረግ። ከተቻለ ከዚያ በኋላ የፍሬን መለኪያ መሣሪያ ባለበት ቦታ የፊትና የኋላው ይፈተሽ። ቫልቩን ነቅሎ ቱቦውን በቀጥታ የሚያገናኝ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከእሱ ጋር የፍሬን ቱቦውንም እዩ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ አክሰሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል፣ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር፣ ቱቦው መላላት አለበት። ከተወጠረ ረዘም ያለ ይግባ።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ብገዛስ?

ያገለገለ ሞላ አልቃወምም። ብረት ነው፤ ካልተሰነጠቀና ካልተኛ ይሠራል። ሁለቱን ሞላ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። ቁመታቸው ይመሳሰል፣ የሽቦው ውፍረት ይመሳሰል፣ ዙሩን ቁጠሩ። ቶዮታ አንዳንድ ሞዴል ላይ የግራና የቀኝ ሞላ ለየብቻ ስለሚሠራ፣ የትንሽ ልዩነት ምክንያት እሱ መሆኑን ከሻጩ አረጋግጡ። ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ጉድጓድ የሠራበት ሞላ ይቅርባችሁ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነም ጫፉን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። አንዱን ብቻ አትግዙ።

ሾክ አብዞርበር ግን አዲስ ግዙ። ያገለገለ ሾክ ዘይት ባያፈስም ውስጡ ማለቁን ከውጭ ማየት አይቻልም። ከፍ ባለ መኪና ላይ ደግሞ የበለጠ ሥራ አለበት። ርዝመቱንም አስቡበት፦ አክሰሉ ሲንጠለጠል የሚያስቆመው ሾኩ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሾኩን ከሥሩ ይስበዋል፤ ማሰሪያው ይቆረጣል። ሾኩ በጣም ከረዘመም ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሾክ ርዝመት የሚወሰነው ሞላው ከገባ በኋላ ተለክቶ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝታችሁ የምትመጡ ሰዎች ሾኩን ለመመለስ ከሻጭ ጋር ስትጨቃጨቁ እናያለን፤ እባካችሁ መጀመሪያ ሞላውን።

ስፔሰሩን ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል?

ይቻላል፤ ጥሩ ባለሙያ ካለ ከውጭ ከሚመጣው አያንስም። ጠንካራ አሉሚኒየም ወይም ብረት ይሁን። የድሮውን መቀመጫ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል ልክ አትናገሩ። የሞላው ጫፍ የሚቀመጥበት ጠርዝ ስፔሰሩ ላይም ይቀረጽ፤ ለስላሳ ቀለበት ብቻ ከሆነ ሞላው ይንሸራተታል። እንጨት፣ የተቆራረጠ ጎማ፣ በብየዳ የተደራረበ ቁርጥራጭ ብረት አይሆንም። ሞላና ባሌስትራን ደግሞ ማንም እንዳይበይድባችሁ። ብረቱ የሚነጥረው በፋብሪካ በተሰጠው የሙቀት አያያዝ ነው፤ የብየዳ እሳት የነካው ቦታ ያንን ያጣና እዚያው ላይ ይሰበራል።

ከፍ ካደረግሁት በኋላ መሪው ይዋልላል፤ ለምን?

የመኪናው ፊት ሲነሳ የፊት አክሰሉ ትንሽ ይዞራል። ጎማው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲመለስ የሚያደርገው ዘንበል ማለት ካስተር ይባላል፤ እሱ ሲቀንስ መሪው ቀለል ይላል፣ ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ቀለበት መንገድ ላይ 80 ስትሄዱ መኪናው ይቅበዘበዛል። ባሌስትራ ከሆነ በአክሰሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ያስተካክለዋል። ሞላ ከሆነ ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ያለ ጎሚኒ (በማሰሪያ ብረቶች መሃል የሚገባ ላስቲክ) አለ። አክሰሉ በቁመቱ ልክ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶም ከሆነ፣ አክሰሉን ከሻሲ ጋር በአግድም የሚይዘው ዘንግ ይስተካከል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚሠሩበት መኪና ሲሆን አላይመንት የግድ ነው፤ ያለሱ አዲስ ጎማ በጥቂት ወር ጠርዙ ይላጫል።

የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርጉት። ከፍ ያለ መኪና ከፊቱ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

ዓመታዊ ምርመራና ኢንሹራንስ ላይ ችግር ያመጣብኛል?

የተሽከርካሪ ምርመራን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የተኛውን ሞላ በልኩ መተካት ጥገና ነው። ሻሲ የሚነካ፣ ብየዳ ያለበት ወይም መኪናውን በጣም የሚለውጥ ሥራ ከሆነ ግን ከመጀመራችሁ በፊት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ «አልተነገረንም» እንዳትባሉ።

የፓርኪንግ ነገርስ?

መሃል ከተማ ሕንፃዎች ሥር ስትገቡ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ቁመት አንብቡ። ሃርድ ቶፕ ገና ከፋብሪካው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፣ ረጅሙም ያልፋል፤ ፖርቶ ባጋሊውንና አሁን የጨመራችሁትን ደምራችሁ ቁጥሩን ዳሽቦርድ ላይ ለጥፉት።

እናቴ መውጣት አቃታቸው፤ ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁን ልጆች ሁሌም ዘግይተው ነው። ቀሚስ የለበሱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት 5 ሴንቲ ሜትሩ ከበሯቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸውን መኪና ይከለክላቸዋል። መረገጫ በሻሲው ላይ በብሎን አሳስሩ፣ በሩ ውስጥ ምሰሶው ላይ እጀታ ጨምሩ። ሰፊና የማያዳልጥ መረገጫ ይሁን። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እሳቸውን አስቡ።

ገንዘቤ ጥቂት ነው፤ ከምን ልጀምር?

መጀመሪያ ፍሬን፣ ቦል ጆይንትና ጎሚኒ። እነሱ ያለቁበትን መኪና ከፍ ማድረግ ችግሩን ማባባስ ነው። ቀጥሎ የተኛውን ሞላ ወይም ባሌስትራ በልኩ መተካት። ከዚያ አዲስ ሾክ። እዚህ ላይ ስትደርሱ መኪናውን እንደገና ለኩት፤ ብዙ ሰው የፈለገውን ከፍታ እዚህ ያገኘዋል። ካልበቃ አንድ ደረጃ ትልቅ ጎማ። ስፔሰርና ቅጠል መጨመር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ልከታተል?

ጎሚኒ ያለባቸው ብሎኖች መጨረሻ የሚጠበቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው። ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል፤ መካኒካችሁን ቆማችሁ እዩት። ዩ ቦልቶቹ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ ለዚህ ገንዘብ አንቀበልም። ያኔ አራቱንም ጎን በሜትር ለኩና ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ጋር አስተያዩ። አዲስ ሞላ ትንሽ መቀመጡ ያለ ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ ግን ሞላው አልገጠመም ማለት ነውና ይዛችሁት ኑ።